ለማኅበረሰብ የሚያገለግል ዲጂታል መድረክ አነዳደፍ፦ ከመልስ ሰጪው የሚጀምር መመሪያ

ለማኅበራዊ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከሚሠሩ ዲጂታል መድረኮች መካከል ብዙዎቹን የሚጥላቸው የኮድ ስሕተት አይደለም። ቅጹ ይሠራል፣ ካርታው ይከፈታል፣ መልእክቱም ይደርሳል፤ ነገር ግን በወዲያኛው በኩል መልእክቱን አንብቦ ሥራ የሚሠራ ሰው አልተመደበም፣ ወይም የተመደበው ሰው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከተለመደው አቅጣጫ ተገላቢጦሽ ይሄዳል፦ መጀመሪያ መልስ የሚሰጠውን ወገን፣ ቀጥሎ ጥያቄ የሚያቀርበውን፣ ስክሪኑን ደግሞ ከሁለቱ በኋላ ይነድፋል። የተጻፈውም መድረክ ለመክፈት ላሰቡ ማኅበራት፣ የበጎ ፈቃድ ቡድኖችና የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመከተል እንዲያመች አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን መድኃኒት የሚያመጣላቸው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ወይም የመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው በጎ ፈቃደኛ የሚያገኙበት መድረክ ሊከፈት ታስቧል እንበል።

ደረጃ 1፦ ችግሩ ዛሬ በምን መንገድ እየተፈታ እንደሆነ ማየት

ሰዎች መድረክ ስለሌላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ጎረቤት ይጠራሉ፣ ለዘመድ ይደውላሉ፣ በሠፈሩ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ እርሱን ይይዛሉ። ይህ አሠራር ምንም ያህል የተዝረከረከ ቢመስል ለዓመታት የተፈተነ ስለሆነ፣ አንዲት መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት በደንብ መጠናት አለበት። አስተባባሪ ያላት ቡድን ከሆነች ከአስተባባሪዋ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩ ሲጠራ፣ ማስታወሻው ሲጻፍ፣ ሁለተኛው ስልክ ሲደወል ማየት ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ያስተምራል።

መጠየቅ ሲያስፈልግም «ምን ዓይነት አገልግሎት ይፈልጋሉ?» ብሎ መጀመር ብዙ አይጠቅምም፤ የተጠየቀው ሰው ጠያቂውን ላለማሳፈር ያቀረቡለትን ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላል። የተሻለው ያለፈን ድርጊት መጠየቅ ነው፦ «መድኃኒት ያለቀብዎት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር? ያኔ መጀመሪያ ለማን ደወሉ? እርሱ ስልክ ባያነሣ ምን አደረጉ?» ከእንዲህ ዓይነት መልሶች ውስጥ ነባሩ አሠራር የሚሰበርበት ቦታ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ የሚሰበረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ቅዳሜና እሑድ ስልክ የሚያነሣ ሰው የለም። ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው የተራ መርሐ ግብርና አንድ የጋራ ስልክ ቁጥር ነውና መድረክ አይሠራ። ይህን ለመወሰን የሚደፍር ቡድን ጥቂት ነው፤ በተለይ የፕሮጀክት ገንዘብ አስቀድሞ ከተገኘ።

ደረጃ 2፦ መልስ ሰጪውን በስም መለየትና አቅሙን ማስላት

በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የአንዲት ጥያቄን ጉዞ ከመነሻዋ እስከ ፍጻሜዋ ይሳሉ። ጥያቄዋ ስትገባ መጀመሪያ የሚያያት ማን ነው? በስንት ሰዓት ውስጥ? እርሱ ቢታመም ወይም ዕረፍት ቢወጣ ማን ይተካዋል? ለበጎ ፈቃደኛው የሚያስተላልፋት በምን መንገድ ነው? በጎ ፈቃደኛው «ዛሬ አይመቸኝም» ቢል ወዴት ትመለሳለች? ጉዳዩ መፈጸሙን የሚያረጋግጠውስ በጎ ፈቃደኛው ነው ወይስ አገልግሎቱን ያገኙት እናት? በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የሰው ስም መጻፍ አለበት። «ቡድኑ» ወይም «ጽሕፈት ቤቱ» የሚል ቃል ብቻ የሰፈረበት ቦታ ካለ፣ ጥያቄዎች ተከማችተው የሚቀሩት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይሠራ። ሦስት አስተባባሪዎች በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጡ 360 ደቂቃ ይገኛል። አንዲትን ጥያቄ ለማስተናገድ ሁለት የስልክ ጥሪና ጥቂት መጻፍ ያስፈልጋልና 12 ደቂቃ ቢወስድ፣ ቡድኑ በቀን 30 ጥያቄ ያስተናግዳል። በቀን 50 ቢገባ 20ው ያድራል፤ በዐሥረኛው ቀን ያልተነኩ 200 ጥያቄዎች ይኖራሉ ማለት ነው። የ200ኛው ሰው ተራ ሲደርስ መድኃኒቱ ያለቀበት ሳምንት አልፎታል፤ ሁለተኛም አይጠይቅም፣ ለጎረቤቱም «አይሠራም» ብሎ ይነግራል። ይህ ስሌት ከመክፈቻው በፊት ሲሠራ የአገልግሎቱን ወሰን ይቆርጣል፦ ስንት ሠፈር እንደሚሸፈን፣ ከሦስቱ አገልግሎቶች የትኛው እንደሚቀድም፣ በቀን ስንት ጥያቄ ከሞላ በኋላ ቅጹ «የዛሬው ሞልቷል፤ አስቸኳይ ከሆነ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ማለት እንደሚጀምር። ሞልቷል ብሎ በግልጽ መናገር ከዝምታ እጅግ የተሻለ ነው።

የመልሱን መንገድ አስቀድሞ የነደፈ መድረክ ምን እንደሚመስል ለማየት ፊክስማይስትሪት ጥሩ አብነት ነው። በ2007 ማይሶሳይቲ የተባለው ድርጅት በብሪታንያ የከፈተው ይህ አገልግሎት ነዋሪዎች የተቦረቦረ መንገድ ወይም የጠፋ የመንገድ መብራት በካርታ ላይ እንዲያመለክቱ ያደርጋል። መድረኩ የቦታውንና የብልሽቱን ዓይነት አመሳክሮ ጥቆማውን ለሚመለከተው የአካባቢ ምክር ቤት ይልካል፤ ነዋሪው የመንግሥትን መዋቅር እንዲያጠና አይገደድም። ጥቆማው ለሁሉም ስለሚታይ ደግሞ ሌላው ጎረቤት ያንኑ ነገር መልሶ ከመጻፍ ይድናል። እዚህ ላይ ዋናው ሥራ ካርታው አይምሰልዎ፤ የትኛው ብልሽት ወደ የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚሄድ የሚያሳየውን ዝርዝር ማዘጋጀትና ቢሮዎቹ በተለዋወጡ ቁጥር ማደስ ነው።

ሌላው ምስክር የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በጃንዋሪ 2010 አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ሰዎች በ4636 አጭር ቁጥር በነጻ የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩ ተደረገ። መልእክቶቹ የሚመጡት በሄይቲ ክሪዮል ነበር፤ ከውጭ ከመጡት የነፍስ አድን ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ቋንቋውን አያነቡም። በመካከል ገብተው የተረጎሙት፣ የተጠቀሰው ቦታ የት እንደሆነም ያመለከቱት በየሀገሩ የነበሩ ክሪዮል ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያ የተርጓሚዎች ሰንሰለት ባይኖር መልእክቱ ደርሶም እንዳልደረሰ ይቆጠር ነበር። በእርስዎ መድረክ ላይ ይህን የመሰለ የማይታይ መካከለኛ ሥራ የትኛው ነው? ወረቀቱ ላይ ጎላ አድርገው ይጻፉት፤ ጊዜም በጀትም የሚፈልገው እርሱ ነው።

በመጨረሻ የጥያቄው ሁኔታ የሚገለጽባቸው ቃላት ይወሰኑ። አራት ይበቃሉ፦ «ደርሷል»፣ «ሰው ተመድቧል»፣ «ተፈጽሟል»፣ «አልተቻለም»። አራተኛውን ብዙ ቡድኖች ይፈሩታል፤ ሪፖርት ላይ ያስነቅፋል ብለው ያስቀሩታል። ካልተፈቀደ ግን ያልተቻሉት ጉዳዮች ሁሉ «ሰው ተመድቧል» በሚለው ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። «አልተቻለም» ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ ለጠያቂውም ይነገር፤ ጠያቂው ሌላ አማራጭ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛልና።

ደረጃ 3፦ መግቢያውን መምረጥ

ጥያቄ የሚቀርብበት መንገድ የሚመረጠው ጠያቂዎቹ በእጃቸው ባለው መሣሪያና በልማዳቸው ነው። በአረጋውያኑ ምሳሌ ዋናው በር የስልክ ጥሪ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ድረ ገጹን የሚጠቀሙት ልጆቻቸውና አስተባባሪዎቹ ናቸው። ጥሪ የተቀበለው አስተባባሪ ራሱ ቅጹን ይሞላላቸዋል፤ ያኔ በስልክ የመጣውም በድረ ገጽ የመጣውም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይገናኛል። ለበጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ከዚህ ቀደም በየቀኑ የሚከፍቱት የቴሌግራም ቡድን ካለ እዚያው ቦት (መልእክት ራሱ የሚቀበልና የሚልክ ፕሮግራም) ማስገባት አዲስ አፕ አውርዱ ከማለት ይሻላል። አዲስ አፕ ማለት ቦታ፣ ዳታ፣ አዲስ የይለፍ ቃልና የሚረሳ ነገር ማለት ነው። ኢንተርኔት ለሌላቸው ባለ ቁልፍ ስልኮች ዩኤስኤስዲ፣ ማለትም በኮከብ ምልክት የሚጀምር ኮድ ተደውሎ ከሚመጣው ዝርዝር በቁጥር የሚመረጥበት አገልግሎት፣ ይሠራል፤ ነገር ግን ግንኙነቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ከተባለ ስለሚቋረጥ ረጅም ምርጫና ብዙ መጻፍ አይጫንበት።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ለማረጋገጫ የሚተካው የለም፤ በማንኛውም ስልክ ይነበባል፣ ሳይጠፋም ይቆያል። አማርኛ ለሚጽፍ ግን አንድ ጥብቅ ገደብ አለበት። በላቲን ፊደል አንዱ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ የተመደበለት 140 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል በሚላክበት አሠራር እያንዳንዱ ፊደል፣ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሳይቀር፣ ሁለት ባይት ይወስዳል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ለየብቻቸው 67 ፊደል በሚይዙ ክፍሎች ይቆረጣል፤ ላኪውም በየክፍሉ ይከፍላል። በሺህ የሚቆጠር መልእክት ለሚልክ መድረክ አንዲት ትርፍ ቃል ወጪውን እጥፍ ልታደርገው ትችላለች።

ስለዚህ ቃላቱ በጥንቃቄ ይመረጡ። «ውድ ደንበኛችን፣ የላኩልን ጥያቄ በሥርዓታችን ውስጥ በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል፤ በቅርቡ ምላሽ እንሰጥዎታለን።» የሚለው በ68 ፊደል ለጥቂት ይገባል፤ ሆኖም ለአንባቢው የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም። «ጥያቄዎ ደርሶናል። ቁጥር 214። እስከ ነገ ቀትር ሰው ይደውልልዎታል።» የሚለው 44 ፊደል ነው፤ መድረሱን፣ ሲከታተሉ የሚጠቅሱትን ቁጥር፣ የሚጠብቁትን ነገርና የሚያበቃበትን ሰዓት ይነግራል። በተረፉት 26 ፊደላት የስልክ ቁጥር መጨመር ይቻላል። ነገ ቀትር የሚለው ቀጠሮ ግን በደረጃ 2 ከተሠራው ሒሳብ የመጣ መሆን አለበት፤ የማይከበር ሰዓት ከመጻፍ አለመጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ አለመሰብሰብ

የቅጹን ረቂቅ ይያዙና በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ላይ «ይህን ስናውቅ ምን የተለየ ነገር እናደርጋለን?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው ይሰረዝ። መድኃኒት ለማምጣት የአረጋዊው ስም፣ ስልክ፣ ቤቱን ለማግኘት የሚያስችል ምልክትና የሚያስፈልግበት ቀን ይበቃል። የትምህርት ደረጃ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛትና የትውልድ ቀን ለሪፖርት ያምራሉ፤ ሆኖም የተሰበሰበ ሁሉ አንድ ቀን ሊወጣ ይችላልና፣ ያልተሰበሰበ መረጃ ብቻ ነው ጨርሶ የማይሰረቀው።

በዚህ ምሳሌ መረጃው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ልብ ይሏል፦ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አቅመ ደካማ የሆኑ ሰዎች የቤት አድራሻ ዝርዝር ነው። ለሌባ ከዚህ የተመቸ ሰነድ የለም። ስለዚህ ሙሉ ዝርዝሩን አስተባባሪዎች ብቻ ይዩት፤ በጎ ፈቃደኛው የሚያየው የተቀበላትን አንዲት ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ ያውም «እሄዳለሁ» ካለ በኋላ፣ ሥራው ሲያበቃም ከስልኩ ይጥፋ። ማን የትኛውን መዝገብ መቼ እንደከፈተም ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ካርታ ላይ የሚወጣ ነገር ካለ የቦታው ትክክለኛነት ሆን ተብሎ ይቀነስ። በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ ማስፈር ቦታውን በአንድ ሜትር ገደማ ይጠቁማል፤ ሦስት አኃዝ ወደ 110 ሜትር፣ ሁለት አኃዝ ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ያሰፋዋል። ለሕዝብ ለሚታይ የፍላጎት ካርታ ሁለት አኃዝ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶ የሚጫን ከሆነም ስልኮች በምስሉ ፋይል ውስጥ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ፣ ሰርቨሩ (መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር) ሲቀበል ይህን ይፋቀው። የሚሰረዝበት ቀንም ከመጀመሪያው ይወሰን፤ ለምሳሌ ጉዳዩ ከተዘጋ ከ90 ቀን በኋላ ስምና ስልክ ጠፍተው ቁጥሩ ብቻ ለስታቲስቲክስ ይቅር። ስረዛውን ሰው እንዲያስታውስ አይተዉ፤ ኮዱ በየሌሊቱ ይሥራው።

ደረጃ 5፦ ማንበብና መንካት የሚቻል ማድረግ

የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ጥምረት፣ ደብልዩ3ሲ፣ ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት የተለመደ መጠን ያለው ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ የ4.5 ለ 1 ንፅፅር ይኖረዋል፤ በኦክቶበር 2023 የወጣው 2.2 እትም ደግሞ የሚነካ ቁልፍ ስፋት ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች በእጥፍ ቢሰፋ አይበዛም። ቀለም ብቻውን መልእክት አይሸከም፤ «ተፈጽሟል» በአረንጓዴ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይጻፍ።

አማርኛን በሚመለከት ፍለጋው አስቀድሞ ይታሰብበት። ያው ስም በአንዱ አስተባባሪ እጅ «ሀይሉ»፣ በሌላው «ኃይሉ»፣ በሦስተኛው «ሐይሉ» ተብሎ ይገባል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው በማከማቻው ውስጥ ስሙን እንደተጻፈ ማቆየትና ለፍለጋ ብቻ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ከነዘሮቻቸው ወደ አንድ የሚመለሱበት ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። ኃ እንደ ሀ ሁሉ «ሃ» ተብሎ ስለሚነበብ አንደኛውና አራተኛው ፊደልም በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በአና በዐ ዘሮች ላይ ይዋሐዱ። የሰዎችን ስም አጻጻፍ «እናርማለን» ብሎ መነካካት ግን ቅሬታ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ደረጃ 6፦ ደንብ፣ ዳኝነትና ጥበቃ

ሰዎች የሚገናኙበት መድረክ ሁሉ አንድ ቀን ጠብ ይነሣበታል። ደንቡ ያን ቀን መጻፍ ከጀመረ ሁለቱም ወገን ለሌላው የተጻፈ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ፣ ከሚመለከታቸው ጋር ይረቀቅ። በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የመስኖ ውኃዎች፣ ደኖችና የዓሣ ማስገሪያ ቦታዎች ለአሥርት ዓመታት ያጠናችውና በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጣት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ለረጅም ዘመን ከቆዩት ማኅበራት ውስጥ ተደጋግመው ያገኘቻቸው ባሕርያት አሉ፦ ደንቡ የሚመለከታቸው ሰዎች ደንቡን በመለወጥ ይሳተፋሉ፣ ጠባቂው ለአባላቱ ተጠያቂ ነው፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፣ ጠብ የሚፈታበት ቅርብና ርካሽ ሸንጎም አለ። እነዚህ ወደ ዲጂታል መድረክ ያለ ብዙ ለውጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው ጥፋት በግል መልእክት ይነገር፣ ሁለተኛው ጽሑፉን ያስነሣ፣ ሦስተኛው ለሳምንት ያሳግድ፣ ከዚያ በኋላ መውጣት ይምጣ፤ ይግባኙንም የሚያየው የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ሰው አይሁን።

ከደንብ ባልተናነሰ የሚሠራው የቅጹ አቀራረብ ነው። ኔክስትዶር የተባለው የአሜሪካ የጎረቤታሞች መድረክ በ2016፣ ተጠቃሚዎች «አጠራጣሪ ሰው አየሁ» እያሉ የሰውን ዘር ብቻ ይጠቅሱ ስለነበር የጥቆማ ቅጹን ለወጠው። ዘር የጠቀሰ ሰው የልብስንና የመሳሰለውን ተጨማሪ መግለጫ፣ እንዲሁም የሚያጠራጥረው ድርጊት ምን እንደሆነ እንዲሞላ ተጠየቀ። ኩባንያው እንዳስታወቀው በሙከራው ወቅት በዘር ላይ የተመሠረቱት ጥቆማዎች በ75 በመቶ ቀንሰዋል። በ2014 የተጀመረው ቪታይዋን የተባለ የታይዋን የሕዝብ ምክክር መድረክ ደግሞ ለሕዝብ ውይይት የመረጠው መሣሪያ ለሌላው አስተያየት መልስ መጻፊያ የለውም፤ ተሳታፊው በየዐረፍተ ነገሩ «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ልለፈው» ይላል፣ የራሱንም ዐረፍተ ነገር ይጨምራል። መልስ መጻፊያ ከሌለ መሰዳደቢያም የለም። ሶፍትዌር ሁሉ ፈጣንና ቀላል ይሁን የሚለው ምክር በጅምላ ሲወሰድ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ አንዳንድ በር ትንሽ መክበድ አለበት።

በአረጋውያኑ መድረክ ላይ ከስድብ የሚበልጠው ስጋት ገንዘብና የቤት ውስጥ ደኅንነት ነው። ስለዚህ ጥቂት የማይጣሱ መስመሮች በግልጽ ይጻፉ፦ አዲስ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ከነባር ሰው ጋር ይሄዳል፤ የባንክ ካርድም ሆነ የምስጢር ቁጥር አይቀበልም፤ የመድኃኒት ገንዘብ ሲቀበል መጠኑን አስተባባሪው ይመዘግባል፣ ደረሰኙም ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። አረጋዊው ቅሬታ ካላቸው የሚደውሉበት ቁጥር በጎ ፈቃደኛውን የመደበው ሰው የሚያነሣው ስልክ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይደረግ።

ደረጃ 7፦ በወረቀትና በስልክ መሞከር

እስከዚህ ድረስ ሶፍትዌር አልተሠራም፤ አሁንም አይቸኮል። ስክሪኖቹን በወረቀት ስለው፣ ዝርዝሩን በተራ የሠንጠረዥ ፋይል ይዘው፣ መልእክቶቹን በእጅ እየላኩ አገልግሎቱን ለጥቂት ሳምንታት ያስኪዱ። ሰው እንደ ማሽን ሆኖ ሲሠራው የተረሱት መታጠፊያዎች በሙሉ ይወጣሉ። ስክሪኑ ሲሠራ ደግሞ ከእውነተኞቹ ተጠቃሚዎች አምስት ያህል አንድ በአንድ ያስቀምጡና «ለነገ ጠዋት መድኃኒት የሚያመጣ ሰው ይጠይቁ» ብለው ስልኩን ይስጧቸው። የአጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን ከ2000 ጀምሮ እንደሚመክረው፣ በአንድ ዙር ብዙ ሰው ከመፈተን አምስት ሰው አይቶ ማረምና እንደገና ሌሎች አምስት ማየት ያዋጣል። ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ጣታቸው ተሳስቶ ሲያመነታ «እዚያ ጋ ይንኩ» ካሉ ፈተናው አበቃ፤ የት እንዳመነቱ ይጻፉ፣ ለምን እንደሆነ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

ሶፍትዌሩን ከባዶ ከመጻፍ በፊትም ያለውን ማየት ተገቢ ነው። በ2008 መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ ከምርጫው በኋላ የተነሣውን ሁከት ለመመዝገብ የተፈጠረው ኡሻሂዲ፣ ባርሴሎና ከ2016 ጀምሮ ለዜጎች ተሳትፎ የምትጠቀምበት ዴሲዲም፣ ፊክስማይስትሪትም ጭምር ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ካርታ ከተፈለገ በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ አለ፤ የጎደለውን ጎዳና ራሱ ማኅበረሰቡ ሊጨምርበት ይችላል።

ደረጃ 8፦ በጠባብ ቦታ መክፈት

አንድ ሠፈር ይምረጡ፣ በጎ ፈቃደኞቹን አስቀድመው ይሙሉ፣ ከዚያ ብቻ ለጠያቂዎች ይንገሩ። በጎ ፈቃደኛ ሳይኖር ጥያቄ ከመጣ ማንም መልስ አያገኝም፤ በጎ ፈቃደኛው ሞልቶ ጥያቄ ከዘገየ ግን የሚያስተባብር ሰው ካለ ጥቂት ሳምንት ይታገሣሉ። በአንድ ከተማ የተበተኑ መቶ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ሠፈር ያሉ ዐሥራ አምስቱን አያህሉም፤ ሊሄዱ የሚችሉት ቅርብ ወዳለው ቤት ነውና።

ደረጃ 9፦ ምን እንደሚለካ መወሰን

የተመዘገበ ሰው ብዛት ለመግለጫ ይመቻል፣ ለሥራ ግን እምብዛም አይጠቅምም። በየሳምንቱ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ይሁኑ፦ ከጥያቄ እስከ መጀመሪያ ጥሪ ያለው ጊዜ፣ «ተፈጽሟል» የተባለው ድርሻ፣ አንድ ጊዜ ጠይቀው ያልተመለሱት ሰዎች። ጊዜው በአማካይ ብቻ አይለካ። ዘጠኝ ሰው በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ደግሞ በ91 ሰዓት ውስጥ ቢስተናገድ አማካዩ 10 ሰዓት ይላል፤ 10 ሰዓት የጠበቀ ሰው ግን የለም፣ አራት ቀን ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ደግሞ አለ። ከዚህ ይልቅ «ከዐሥር ጥያቄ ስንቱ በተቀጠረለት ሰዓት ተደወለለት?» ብሎ መቁጠር ይሻላል።

መዝገቡ የማያሳየው አንድ ነገር ይቀራል፤ ጨርሶ ያልጠየቀ ሰው በመዝገብ ውስጥ የለም። የአገልግሎቱን ካርታ ከሠፈሩ ካርታ ጋር ሲያመሳክሩ ባዶ የሆነ መንደር ካለ፣ እዚያ ችግር የለም ብሎ ከመደምደም በፊት ሰው ይላክ። ምናልባት ቋንቋው ሌላ ነው፣ ምናልባት ስልኩ በቤቱ ሌላ ሰው እጅ ነው፣ ምናልባትም ከዚህ ቀደም መጥቶ የጠፋ ፕሮጀክት ቅር አሰኝቷቸዋል።

ደረጃ 10፦ ባለቤትነትና መዝጊያ

መድረኩ በማን ስም እንደተመዘገበ ገና ሲጀመር ይለይ። የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ የሰርቨሩ ሒሳብ፣ የአጭር ቁጥሩ ውልና የቦቱ መቆጣጠሪያ በአንድ ወጣት ባለሙያ የግል ኢሜይልና ስልክ ከተያዙ፣ እርሱ ሥራ በቀየረ ቀን ማኅበሩ በራሱ ቤት እንግዳ ይሆናል። በማኅበሩ ስም ይከፈቱ፤ የይለፍ ቃሎቹን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙ። በጀቱም ከመሥሪያው ወጪ ይልቅ የዓመቱን ማስኬጃ ያስቀድም፦ የመልእክት ክፍያ፣ ሰርቨር፣ የአስተባባሪዎች ስልክና የትራንስፖርት አበል። መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ ይወሰድ፤ ግን ቅጂ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ በየሦስት ወሩ አንዱን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚነሣ መፈተን ያስፈልጋል።

በሰው ቤት ላይ የተሠራ መድረክ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። ያሁ ግሩፕስ የተባለውን የኢሜይል ቡድኖች አገልግሎት ለዓመታት የተጠቀሙ በርካታ ማኅበራት ኩባንያው በ2019 የቡድኖቹን ፋይሎችና የቆዩ መልእክቶች ከድረ ገጹ እንደሚያነሣ ሲያስታውቅ መዝገባቸውን ለማውረድ መሯሯጥ ግድ ሆኖባቸዋል፤ አገልግሎቱም በዲሴምበር 2020 ጨርሶ ተዘግቷል። በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መድረክ ላይ ሲሠሩ የአባላት ዝርዝሩና የጉዳዮቹ መዝገብ ቅጂ በእርስዎ እጅ፣ በማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ይቀመጥ።

የመዝጊያው ዕቅድም በአንድ ገጽ ይጻፍ። አዲስ ጥያቄ መቀበል የሚቆምበት ቀን ከመዘጋቱ ስድስት ሳምንት በፊት ይሁን፤ የተጀመሩት ጉዳዮች በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቁ። በቋሚነት የሚረዱት አረጋውያን በመልእክት ብቻ ሳይሆን በስልክ ይነገራቸው፤ ፈቃዳቸውን ከሰጡም ማን እንደሚረከባቸው በስም ይጠቀስ። ስልክ ቁጥሩ አገልግሎቱ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ወራት ክፍያው ተከፍሎ ይቆይ፤ የሚደውል ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር የተቀዳ ድምፅ ይኑረው። የግል መረጃው የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ መሰረዙንም ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት።